ስለ ሮቦትና በመቀሌ ስለሚሠራው እግር

ካህናት ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ በመቋሚያ ይደገፋሉ። መቋሚያ የያዘ ሁሉ ደካማ ነው የሚል ሰው የለም፤ ጐልማሳውም ሽማግሌውም እኩል ይይዘዋልና። ቁመቱ ለቆመ ሰው የሚበቃ፥ ራሱም ለእጅና ለብብት የሚመች ነው፤ ሲደክሙ ይደገፉታል፥ ዝማሜው ሲደርስ ያነሡታል፥ ቢሰበርም በሰፈሩ ያለ እንጨት ጠራቢ ሌላ ይተካዋል። ሰውና መሣሪያ ተስማምተው ሲኖሩ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ጥበበኞች በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም የሚሹት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሮቦት የተባለው፥ አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ራሱን እያንቀሳቀሰ የሚሠራው መኪና፥ ከፋብሪካ ቅጥር ወጥቶ በተራው ሰው ቤትና በተራው ሰው ሥራ መካከል ይኖር ዘንድ እንዴት ያለ ሆኖ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ያከራክራል። ኢትዮጵያ በዚህ ክርክር የምትናገረው ቃል ያላት አይመስል ይሆናል። ነገር ግን በትግራይ ዋና ከተማ በመቀሌ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት አለ፤ ጉዳዩን ቀርቦ ለመረመረ ሰው የጥያቄው መልስ ገሚሱ እዚያ ይገኛል።

ስለ እግሩ ከመነገሩ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ አገር ደራሲ ሲሆን፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ባሳተመው የቴአትር ድርሰት ነው፤ ቃሉን ያመለከተው ግን ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በቼክ ቋንቋ ሮቦታ ማለት ጭሰኛ ለባለርስቱ በግድ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በኢትዮጵያ ሁዳድ ይባል የነበረው ዓይነት ማለት ነው። በድርሰቱ ውስጥ እነዚያ በሰው እጅ የተሠሩ አገልጋዮች ውለው አድረው በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ፥ የሰውንም ዘር ያጠፋሉ። ሁዳድ የሚያርስ ሰው በልቡ ምን ሲያስብ እንደሚውል ለሚያውቅ አገር ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሐሳቡ ስም ካገኘበት ቀን ጀምሮ ከጌታና ከባሪያ ነገር ጋራ ተጣብቆ ስለ ኖረ፥ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ሮቦትን የሚያስበው ወይ እንደ ባሪያ ወይ እንደሚመጣ ጌታ አድርጎ ነው፤ እንደ መቋሚያ አድርጎ የሚያስበው ጥቂት ነው።

የፋብሪካውም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት በአሜሪካ በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ ተግባሩም የጋለ ብረት ከመኪናው አንሥቶ ማኖር ነበር። እንዲህ ያሉት ክንዶች ብርቱዎች ቢሆኑም ሰው በአጠገባቸው መኖሩን የማያውቁ ዕውሮች ስለ ነበሩ፥ ዙሪያቸው እየታጠረ ሠራተኛው ከአጥሩ ውጭ እንዲቆም ተደረገ። በ1979 በሚሺጋን ግዛት በሚገኝ የፎርድ ፋብሪካ ሮበርት ዊልያምስ የተባለ ሠራተኛ ዕቃ ሊያወርድ ወደ መደርደሪያው በገባ ጊዜ የሮቦቱ ክንድ መትቶ ገደለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1996 ኮልጌትና ፔሽኪን የተባሉ ሁለት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሰው ጋራ በአንድ ገበታ ሆኖ የሚሠራ መኪና አሰቡ። ዛሬ ኮቦት የሚባሉት ክንዶች ጠርዛቸው የተድበለበለ፥ ጕልበታቸው የተመጠነ፥ የሰው አካል ሲነካቸው ወዲያው የሚቆሙ ናቸው። ከዩኒሜት አንሥቶ ይህ ሐሳብ እስኪወለድ ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል፤ መኪናው ብርታትን ለመማር ጥቂት ጊዜ ሲበቃው ትዕግሥትን ለመማር ግን ይህን ያህል ዘመን አስፈለገው።

ወደ ኢትዮጵያም በእንግድነት የመጣች ሮቦት አለች። በሆንግ ኮንግ በሚገኘው በሃንሰን ሮቦቲክስ በሴት መልክ የተሠራችው ሶፊያ በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጐብኝታለች። አቶ ጌትነት አሰፋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋራ ያቋቋሙት አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት፥ በዚህች ሮቦት የማሰብ ሥርዓት ሥራ ላይ ተካፋይ ነበረ፤ አማርኛም እንድትናገር ደክሟል። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእንዲህ ያለው ጥበብ መድረሳቸው የሚያስመሰግን ነው። ሶፊያ በመንገድ ሳለች ከአካሏ ክፍሎች አንዳንዱን የያዘው ሻንጣ በጀርመን በፍራንክፈርት አይሮፕላን ጣቢያ ስለ ጠፋ፥ ለጋዜጠኞች ተዘጋጅቶ የነበረው ስብሰባ መቅረቱ በጊዜው ተነግሮ ነበር። ነገሩ ያን ቀን ብዙ ሰው አስቆ ነበር፤ ነገር ግን መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ መኪና ሁሉ ዕጣው ይህ መሆኑን የሚያሳይ ስለ ሆነ ከሣቁ በኋላ ማሰብም ይገባ ነበር። ለማናቸውም ሶፊያ የመጣችው ለመታየት ነው፤ ታይታም ሄደች። እንስራ ያወረደችላት እናት፥ መንገድ ያሻገረችው ዕውር የለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 780 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መቀሌ ይደርሳል። በዚያ ከተማ ሮቦት የሚለው ቃል ሌላ ትዝታ ያስነሣል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት እስኪያበቃ ድረስ፥ የትግራይ ሰው ያለ ነጂ በራሱ የሚሄደውን መኪና ያወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሰማይ ድምፁን በመስማት ነው። ድሮን የተባለውን፥ ሰው የማይቀመጥበትን በራሪ መኪና ድምፅ ሰምቶ ልጆቹን ወደ ቤት ያስገባ አባት፥ ሰውን የሚረዳ ሮቦት መጣልህ ቢሉት አስቀድሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ቢያይ አይፈረድበትም። እንግዲህ በዚህ ከተማ ስለ መኪናና ስለ ሰው ወዳጅነት የሚናገር ሁሉ ንግግሩን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። መኪና የሚታመነው ባለው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ማን እንዳለ ሲታወቅ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው ሕይወቱን ለአንድ የጠፍር ገመድ አሳልፎ ይሰጣል፤ ከላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዘው መነኩሴ መሆኑን ስለሚያውቅ ግን ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል ይወጣል። ለማያውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ክንድም ባልወጣ ነበር።

እግር ሮቦት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ በመቀሌ የሚሠራው እግር ሞተር የለውም፥ አያስብም፥ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ከሰው ጋራ በመኖር ረገድ እንደርሱ የቀረበ መኪና በዓለም ላይ የለም። ከሰው ጋራ ይነሣል፥ ገበያ ይወጣል፥ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፥ ማታ ከአልጋው ሥር ያድራል። ከዚህም በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1997 ጀምሮ ኦቶ ቦክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በጕልበቱ መገጣጠሚያ ላይ ኮምፒዩተር ያለበት እግር ለገበያ ካወጣ ወዲህ፥ የሰው ሠራሽ እግር ጥበብና የሮቦት ጥበብ እየተጋቡ ሄደዋል። ስለዚህ ሮቦት ከተራ ሰው ጋራ እንዲኖር የሚሻ ሁሉ ከእግር ሠሪው የሚማረው አለ።

በመቀሌ ይህን መሥሪያ ሲያስተዳድር የቆየው የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር ነው፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም በዕቃና በባለሙያ ሥልጠና ሲረዳው ኖሯል። የማኅበሩ አባሎች ራሳቸው በቀድሞው ጦርነት አካላቸው የጐደለ ሰዎች ናቸው። ይህ ነገር እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባም፤ በሌላው ዓለም መኪናን የሚያስበው አንድ፥ የሚገዛው ሌላ፥ የሚጠቀምበት ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ ሰው ነው። በመቀሌ ግን የመሥሪያው ባለቤት ስለ እግር ማጣት ከመጽሐፍ የተማረ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ባለሙያው አስቀድሞ በእጁ የሰውዬውን ቀሪ እግር ይዳስሳል፤ አጥንቱ የት ላይ እንደሾለ፥ ሥጋው በየትኛው ቦታ ክብደት እንደሚችል፥ ጠባሳው የት ላይ እንደሚያም ይለያል። ከዚያ በጀሶ የተነከረ ፋሻ ይጠቀልልበታል፤ ጀሶው ሲደርቅ ወልቆ በውስጡ ሌላ ጀሶ ይፈስበታል፥ እንዲህም ሆኖ የቀሪው እግር አምሳል ይገኛል። በዚህ አምሳል ላይ ባለሙያው በሞረድ ይሠራል፤ ክብደት በሚችለው ቦታ ጥቂት ይፍቃል፥ በማይችለው ቦታ ጥቂት ጀሶ ይጨምራል። የጥበቡ ሁሉ ጫፍ ይህ ነው። የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ ከውቅሮ ገበያ በእግሩ ለሚመለስ ሰው ግን ቍስል ነው። ከዚህ በኋላ ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ዝርግ እስከ 180 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ለስልሶ በአምሳሉ ላይ ይለበጣል፥ አየሩም በመኪና ተመጥጦ እንዲጣበቅ ይደረጋል። ሲቀዘቅዝ ጀሶው ተሰብሮ ይወጣል፤ የቀረው ቀሪው እግር የሚገባበት ማቀፊያ ነው። ከሥሩ ቅልጥሙና መርገጫው ይገጠማል።

እግሩ ተሠራ ማለት ግን ሰውዬው ሄደ ማለት አይደለም። በሁለት የብረት መደገፊያ መካከል ቆሞ በመጀመሪያ ክብደቱን ማሳረፍ ይማራል፥ ቀጥሎ አንድ እርምጃ፥ ቀጥሎ ሁለት። ባለሙያው ከኋላና ከጐን ሆኖ አረማመዱን እያየ በመፍቻ ብሎኑን ጥቂት ወደ ውስጥ ጥቂት ወደ ውጭ ያዞራል። ሰውዬው ያማል ሲል ይወልቃል፥ ይሞቃል፥ ይቃናል፥ እንደገና ይጠለቃል። በመኪና ሥራ ሁሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ያለበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ተጠቃሚው አመመኝ ሲል መሐንዲሱ ስሕተቱ ያንተ ነው ሊለው አይችልም። ተምሮ የወጣ መሐንዲስ ሁሉ ሦስት ወር በዚህ ቦታ ቢቀመጥ ሌላ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በአውሮፓ የሚታሰበው እግር ጫማ ለሚያደርግ ሰው የታሰበ ነው። የመርገጫው ቁልቁለት የሚለካው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ነው፤ ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ስለሚል ቅልጥሙ ወደ ኋላ ይጋደላል፥ ጕልበቱም ያለ ልክ ይገተራል፥ ሰውዬውም ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል። በበርሊን ይህ ችግር አይደለም፤ ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ሊተኛ ሲል ነው። በትግራይ ግን ምእመን ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ በገርዓልታ ወዳሉት የዓለት አብያተ ክርስቲያናት የሚወጣው ሰው ገደሉን የሚይዘው በባዶ እግሩ ነው። እስላሙም ወደ መስጊድ ሲገባ እንዲሁ ያወልቃል። ከዚያም ስግደት አለ። በሰሞነ ሕማማት ምእመን ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል፤ መርገጫው የማይታጠፍ፥ የማቀፊያው አፍ ከጕልበቱ በታች የሚቈረቍር እግር ያለው ሰው ግን በግድግዳ ተደግፎ ሌሎች ሲወድቁና ሲነሡ ያያል። ካህን ቢሆን ደግሞ ማኅሌት መቆም አለበት፤ መቋሚያው ግማሹን ቢረዳው ግማሹን የሚረዳው እግሩ ነው። በቤትም ቢሆን መቀመጫው ዱካ ነው፥ መጸዳጃው ቍጢጥ የሚሉበት ጕድጓድ ነው፥ ማሳው ደንጊያ ነው። እንግዲህ ሮቦትን ወይም እግርን የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ባለቤቱ በቀን ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፥ በምን ላይ እንደሚረግጥ፥ በማን ፊት እንደሚንበረከክ ነው።

ይህን አስቀድማ ያስተዋለች አገር ህንድ ናት። በጃይፑር ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ፕራሞድ ካራን ሴቲ የተባሉ ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ ትምህርቱ እምብዛም ያልገፋ የእጅ ባለሙያ ተባብረው፥ ያለ ጫማ የሚኬድበት እግር ሠሩ። በዚያን ጊዜ ህንዳውያን ጉዳተኞች ከውጭ በመጣው እግር ላይ ጫማ እንዲያደርጉ ይገደዱ ነበር፤ በቤታቸው ግን መሬት ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፥ በቤተ ጣዖታቸውም በባዶ እግር ይገባሉ፥ በሩዝ ማሳም ውኃ ውስጥ ይውላሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ የተሰጣቸውን እግር ወደ ጥግ ጥለው ወደ ክራንቻቸው ተመለሱ። ራም ቻንድራ የጐማ ሥራ በሚያውቁ የሰፈር ባለ እጆች ረዳትነት መርገጫውን ከጐማ ሠርቶ የሰው እግር መልክ ሰጠው፤ በሁሉም ወገን ይታጠፋል፥ በውኃ አይበላሽም፥ ዛፍ ቢወጡበትም ይችላል። ሐኪሙ ሴቲ በ1981 የማግሳይሳይን ሽልማት ተቀበሉ። የእጅ ባለሙያው ስም ግን ከሐኪሙ ስም ኋላ ሲጠራ ኖረ፤ በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከህንድ አትለይም፥ ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፥ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ እያለች ስትንቅ የኖረች አገር ናትና።

እንዲህ ሲባል ኮምፒዩተር ያለበት ጕልበት ለድኻ አይገባም ማለት አይደለም። የረቀቀው ጕልበት ሰውዬው ሊደናቀፍ ሲል ራሱ አውቆ ይገታል፥ ቁልቁለት ሲወርድ ይመጥናል፤ ከጕልበት በላይ እግሩ ለተቈረጠ ሰው ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ዋጋው በብዙ ዐሥር ሺህ ዶላር ይቈጠራል፥ ባትሪውም በየጊዜው ከመብራት ካልተሞላ ይደክማል። መብራት፥ ባንክ፥ ስልክና የነዳጅ መንገድ ለብዙ ወራት ተቋርጦበት በነበረው ትግራይ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። በዚያ ጊዜ የእህል ወፍጮዎች እንኳ መብራትና ነዳጅ አጥተው ቆመው ነበር፤ ወፍጮ ሲቆም ግን እናቶች ወደ ድንጋዩ ወፍጮ መመለስ ይችላሉ። ኮምፒዩተር ያለበት እግር ሲቆም የሚመለሱበት ነገር የለም፤ በክብደቱ የተነሣ ክራንቹ ይሻላል። እንግዲህ ለዚህ አገር የሚታሰብ ብልህ እግር መብራቱ ሲጠፋ ተራ እግር ሆኖ ማገልገል የሚችል መሆን አለበት። ይህንን የሚያውል ጥበብ ከረቀቀው ጥበብ ያነሰ ሊባል አይገባውም፤ እንዲያውም ይከብዳል።

የተራው የፕላስቲክ እግር ብልጫ እዚህ ላይ ነው። የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 በጀመረው የጉዳተኞች ማገገሚያ ሥራ ውስጥ ያስፋፋው ይህ የፖሊፕሮፒሊን ጥበብ በ2004 ከዓለም አቀፉ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎች ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ርካሽ ነው፥ ቀላል ነው፥ ውኃ አይጐዳውም፥ ምድጃና ሞረድ ባለበት ይጠገናል። ሆኖም ዝርጉም መርገጫውም ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ መንገድ ሲዘጋ እርሱም ይቆማል። የሶፊያ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ሲጠፋ አንድ ስብሰባ ቀረ፤ የፕላስቲክ ዝርግ የያዘ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር ግን እግሩን የሚጠብቅ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይከርማል። የሁለቱ ልዩነት በጥበብ አይለካም፤ በሚጠብቀው ሰው ነው የሚለካው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ባወጡት መግለጫ፥ ከ2.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው መነጽርን፥ የመስሚያ መሣሪያን፥ ተሽከርካሪ ወንበርን ወይም ሰው ሠራሽ አካልን የመሰለ ረዳት መሣሪያ እንደሚያስፈልገው፥ ሀብታሞቹ አገሮች ውስጥ ከሚያስፈልጋቸው ከመቶ 90 ያህሉ ሲያገኙ በአንዳንዶቹ ድኻ አገሮች ግን የሚያገኙት ከመቶ 3 ብቻ መሆናቸውን ገልጠዋል። ሮቦት ቤት ለቤት ስለሚገባበት ዘመን የሚጻፈው ሁሉ ይህን ቍጥር ሳይዝ ሲጻፍ ተረት ይሆናል።

ጦርነት ካለፈ በኋላ አካሉ የጐደለ ሰው መብዛቱ በትግራይ የተጀመረ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን እጅና እግር ባጡ ወታደሮች ተሞልታ ነበር፤ እያንዳንዱን እግር አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሠራ የማይደረስበት ስለ ሆነ፥ ቀደም ሲል ስሙ የተነሣው ኦቶ ቦክ በ1919 በርሊን ላይ የእግሩን ክፍሎች በብዛት እየሠራ ለየከተማው ባለሙያ የሚያከፋፍል ድርጅት አቋቋመ። ማቀፊያውን ግን በየቦታው ያለው ባለሙያ ለሰውዬው ልክ ይሠራው ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ያለበትን ጕልበት የሚሸጠው ታላቁ ኩባንያ የመጣው ከዚያ ከተሸነፈ ሠራዊት ጉዳት ነው። መቀሌም ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ጉዳተኞችና ልምድ ያለው መሥሪያ በአንድነት አሏት። በእንዳ ኢየሱስ ግቢ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ይሰጥበታል፥ በዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ሦስቱ በአንድ ከተማ ሳሉ ዝርጉና መርገጫው ዘወትር ከባሕር ማዶ ብቻ የሚጠበቅበት ምክንያት ካለ መሻሻል ያለበት ነው። ለምረቃ የሚቀርብ የተማሪ ሥራ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ኳስ የሚያነሣ ክንድ ከሚሆን፥ ያለ ጫማ የሚረገጥበትና የሚሰገድበት መርገጫ ቢሆን፥ መምህሩም ውጤቱን በወረቀት ሳይሆን በሰንበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ሆኖ ቢመለከት ምንኛ በተሻለ ነበር።

ሹማምንትም የሚሠሩት አያጡም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውንና የሥራውን ቦታ እንዲያመቻች ያዝዛል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ቃሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን አዋጁ በወጣበት አገር ስንት ጽሕፈት ቤት አለ፥ ደረጃው ብቻ ዐሥራ ሁለት ሆኖ መደገፊያ የሌለው? ለጉዳተኛ ጡረታ የሚያስፈርመው ክፍል ራሱ ፎቅ ላይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። አንድ መደገፊያ ብረት ከማናቸውም ሮቦት ይረክሳል፤ አናጢና ብየዳ ሠሪ በአንድ ቀን ውለው ይጨርሱታል።

ካህናትም ድርሻ አላቸው። በየደጀ ሰላሙ ለምጽዋት የሚቀመጠው እግረ ቈራጣ ብዙ ነው፤ ምጽዋቱ ለዕለት ይበቃዋል፥ ነገር ግን ወደ መቀሌ ሄዶ እንዲለካ የሚመክረው፥ ስሙን ጽፎ የሚልክለት፥ ሰው ሠራሽ እግር ማድረግ በእግዚአብሔር ሥራ ላይ መግባት አይደለም ብሎ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ማደሪያውን ድንኳን እንዲሠራ ጥበብ የተሰጠው ባስልኤል አንጥረኛና ጠራቢ እንደ ነበር የሚያስተምር ቤተ ክርስቲያን ይህን ለማስረዳት አይቸግራትም። አንዳንዱ ደግሞ ጫማ ላይወልቅልኝ ይችላል ብሎ ከቤተ መቅደስ ደጅ ላይ ይቀራል፤ እርሱን ገብተህ ተሳለም የሚለው የደብሩ አገልጋይ እንጂ መሐንዲሱ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የማይሰጡት ሕፃናቱ ናቸው። ጐልማሳ ሰው አንድ ጊዜ የተሠራለት እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊያገለግለው ይችላል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ያሻዋል። ገና በጋ ሲገባ የተለካው ማቀፊያ ክረምት ሲመጣ ይጠበዋል፥ ቅልጥሙም ያጥራል፥ ልጁም ወደ አንድ ጐን ማዘንበል ይጀምራል፤ ቶሎ ካልተለወጠ ወገቡ ይጣመማል። እንግዲህ ከማይጨው ወይም ከአድዋ ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት በዓመት ሁለት ጊዜ የመሳፈሪያ ገንዘብ፥ በመቀሌም እግሩ ተሠርቶ ልጁ መርገጥ እስኪለምድ ድረስ የምታድርበት ቤት ያስፈልጋታል። ይህ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ወላጆቹ ቈጥረውታል፤ በበጀት መዝገብም በዚሁ ልክ መቈጠር ይኖርበታል።